በውል ያልተለየው ነጠብጣብ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ጠጠሩ ወጥቷል። ሰሞኑን ጎኔን ይዞ ግድግዳ ያስቧጠጠኝ ነገር የሰሊጥ ፍሬ እንኳ አያክልም። ሐኪሟ የሲቲ ስካኑን ፊልም አየችና «ኩላሊትዎ ንጹሕ ነው» አለችኝ። አመስግኜ ልነሳ ስል «አንዴ ይቀመጡ» አለች። ሰው ከተነሳ በኋላ ተቀመጥ ሲባል ደግ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ዳሌዬ አጥንት ላይ ነጠብጣብ ታይቷል። ጠጠር ፍለጋ ገብተው ሌላ ነገር ይዘው ወጡ። ወረቀቱ «ምንነቱ በውል ያልተለየ» ይላል።

ይህ ደብተር የልጄ ነው፤ ከፊት ያሉት ገጾች ላይ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አለ። የተረፈውን እኔ ልጨርሰው። ለማን ልንገር ታዲያ፣ ለወንበሩ?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን አትቸኩልም። በውል ያልተለየ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም አለችኝ፤ ከዚህ ፎቶ ብቻ ተነስተን መወሰን አልቻልንም ማለት ነው። ብዙ ሰው አጥንቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሳያውቀው አርጅቶ ይሞታል። አንዳንዴ ደግሞ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ላይ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ያዘዘችው። «ከሁሉ የሚሻለው የድሮ ፎቶ ቢኖርዎ ነው። ያኔም እዚያው ከነበረና ካላደገ፣ ነገሩ አለቀ» አለችኝ።

የድሮ ራጅ አለኝ። ከዓመታት በፊት ከጭነት መኪና መወጣጫ ላይ ተንሸራትቼ በመቀመጫዬ ወድቄ የተነሳሁት ነው። ፋብሪካው በሙሉ ሲስቅብኝ፣ ደግፋ ራጅ ቤት የወሰደችኝ ባለቤቴ ናት። ፊልሙ እዚሁ ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ አለ።

የማልረሳው ግን ያችን «በውል ያልተለየ» የምትለዋን ነገር ነው። እኔ የምሠራው ጠርሙስ ፋብሪካ፣ ጥራት ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ማለት ይቻላል ነጭ መብራት ፊት ተቀምጬ ጠርሙስ ሲያልፍ አያለሁ። ስንጥቅ፣ አረፋ፣ የድንጋይ ፍንጣሪ። ደህናው ያልፋል፣ የተሰነጠቀው ይጣላል። የሚያጠራጥረውስ? እሱም እንደተሰነጠቀ ነው የሚቆጠረው። ሥራ የገባሁ ዕለት የተማርኩት ይህንኑ ነው፣ ለአዲስ ገቢም የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ካመነታህ ጣለው። ጠርሙስ ሞልቷል። ደቅቆ እቶን ይገባል፣ ነገ ሌላ ጠርሙስ ሆኖ ይመጣል። አንድም ቀን «ቆይ፣ የዚህን የድሮ ፎቶ እንይለት» ብለን አናውቅም።

ስለዚህ እሷ ስታስረዳኝ እኔ አዎ አዎ እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። በሆዴ ግን ጥዬው ነበር።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

በችኮላ። የምሳ ሰዓት ነው።

የሲቲ ስካኑን ፊልም ከሸሚዜ ሥር ይዤ ሥራ ገባሁ። ሰው ሁሉ ሲወጣ የሥራ መብራቴ ላይ ለጠፍኩት። ትናንሽ ፎቶዎች በመደዳ፤ ከሆዴ እስከ ጭኔ እንደ ዳቦ ተቆራርጫለሁ። ብዙ አላስፈለገኝም፣ አገኘሁት። በግራ በኩል፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ነጥብ። ጠርሙስ ላይ ባየው ዓይኔን ሳላሽ ነበር የምጥለው።

ሬዲዮ ምሳውን ሳይጨርስ ተመለሰ። ሬዲዮ ከመብራቱ ማዶ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው፤ አፉ ስለማያርፍ የወጣለት ስም ነው። ምንድን ነው እሱ አለኝ። የጎረቤት ነው አልኩት። ለምን ጎረቤት እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ጎረቤቶቼን በመልክ እንኳ በቅጡ አላውቃቸውም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ባለቤቴ ደወለች። የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው። ልጃችን ስትወልድ አራስ ልትጠብቅ ለሁለት ወር ብላ ሄዳ፣ ሕፃኑ ይኸው አሁን እየዳኸ ነው። ልጄ ሥራ ገብታለች፣ ባሏም መንገድ ላይ ነው የሚውለው፤ ሕፃኑን ማን ይያዘው? ትክክል ነው። እኔ ምን እላለሁ።

ጥርስ ማውጣቱን ነገረችኝ። እኔ ደግሞ የእቶኑ ጡብ እየተቀየረ መሆኑን ነገርኳት። ደህና ነህ ግን አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ምንም የጎደለኝ የለም አልኳት። ትበላለህ? እበላለሁ። ኋላ «በል እንግዲህ፣ ሕፃኑ ሊነሳ ነው» ብላ ዘጋችው።

ለምን ላስጨንቃት? ሐኪም አይደለች፣ ምን ታደርግልኛለች? ራጁ የት እንዳለ ልጠይቃት ነበር። እሷ ደግሞ ለምን ትላለች። ለምን ማለት ከጀመረች አትፋታም። ራሴ እፈልገዋለሁ፣ ቤቱ እንደሆነ ሁለት ክፍል ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ደም ሰጠሁ። የቀዳችኝ ልጅ «አባባ፣ እጅዎን ጨበጥ ያድርጉት» አለችኝ። አባባ! ገና ጡረታ እንኳ አልወጣሁም እኮ።

ግራ ዳሌዬን ያመኛል። በተለይ ደረጃ ስወጣ። ፊልሙን ከማየቴ በፊት አያመኝም ነበር ብዬ ግን አልምልም፤ ልብ ሳልለው ቀርቼ ይሆናል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቤቱን ስፈትሽ ዋልኩ። ከቁም ሣጥኑ ጀመርኩ። ከላይ ትልቁ ሻንጣ ነበር፣ የለም። መንገደኛ ያለ ሻንጣ አይሄድም፣ እሺ። ወፍራም ካፖርቷም የለም። እዚያ ብርድ ነው መሰለኝ። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። የልብስ መቀሷ የለም፣ የክር ቆርቆሮዋ የለም። ሕፃን ልብስ ቶሎ ቶሎ ያጥርበታል፣ ሳትሰፋለት አትቀርም። ጥሩው ትራስ የለም። እኔ እስከ ዛሬ በየትኛው ተኝቼ ነበር?

አልጋው ሥር፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከፍሪጁ ኋላ። የተገኘው፦ የልጄ የወተት ጥርስ በክብሪት ቤት፣ ጠፋ ብዬ የተጣላሁበት ቀበቶዬ፣ ቁልፋቸው የጠፋ ሁለት ጓጉንቸሮች። ራጅ የለም።

ኮሪደሩ ጋ ስደርስ የባለቤቴ እናት ፎቶ ከግድግዳው ላይ እንደሌለ አየሁ። ምስማሩ አለ፣ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሏል። መቼ እንደወረደ አላወቅኩም። በየቀኑ በዚያ በኩል አልፋለሁ እኮ። እኔው ነኝ ደግሞ ጥራት ተቆጣጣሪ።

ሲደክመኝ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። መሳቢያዎቹን ወደ ቦታቸው የመመለስ ጉልበት አልነበረኝም። ሆድ ባሰኝ። ለምን እንደባሰኝ ደግሞ አላውቅም፣ ፊልም ነው የጠፋው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ደወለች። ደህና ነኝ አልኳት። የዱቄት ወተት ዓይነት ቀይረዋል።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ማዶ መሆኔን ሳያውቅ ሬዲዮ ለፋብሪካው ሹፌር ሲያወራ ሰማሁት። «ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የሆነው። አሁን ደግሞ ማነከስ ጀምሯል።»

ጥላው! ሰው የልጅ ልጁን ሊይዝ ሲሄድ ጥሎ ሄደ ይባላል? ወጥቼ ልክ ልኩን ልነግረው ነበር። ጫማዬን እስካስር ወጡ። ሥራ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ ኳስ አወራኝ። እኔም ዘጋሁት። ነገሩ በዚያ ጩኸት ውስጥ መዘጋቱን ያወቀው አይመስለኝም።

ማነከሴ ይታያል ማለት ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

አለቃዬ፣ የክፍሉ ተቆጣጣሪ፣ ቢሮው ጠራኝ። የጣልኳቸውን ጠርሙሶች ሰብስበው ሌላ ሰው እንደገና አይቷቸዋል፤ አብዛኛው ደህና ነው ተባለ። «ጠርሙሱን ሁሉ ጨረስከው እኮ ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል አልኩት። እረፍት ውሰድ አለኝ። እረፍት ወስጄ ምን ልሠራ? ቤት ቁጭ ብዬ ምስማሩን ልይ?

ግን አንዱንም በክፋት አልጣልኩም። እያንዳንዱ ላይ የሆነ ነገር ይታየኝ ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የደሙ ውጤት ጥሩ ነው። ሐኪሟ ከእኔ ይልቅ ደስ አላት። ይህ ብዙውን ፍርሃት ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋውም አለች። የድሮው ፎቶስ? እየፈለግኩ ነው አልኳት።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጥቂት ወራት ጠብቆ ደግሞ መነሳት፤ ካላደገ መተው። እሷ ይህን ትመርጣለች። ሁለተኛው በመርፌ ከአጥንቱ ናሙና መውሰድ። እኔ መርፌውን አልኩ። ወራት ሙሉ ይህን ነገር ይዤ ደረጃ ልወጣ ልወርድ? አይሆንም። አይታኝ ቆየችና እሺ አለች። ቀጠሮው ኅዳር 17 ነው።

«ማደንዘዣ ስለምንሰጥዎ ሰው ይዘው ይምጡ። ብቻዎን ከመጡ አንሠራም» አለችኝ።

ውጭ ቀጠሮ የምትይዘዋ ማን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፤ ትመዘግበዋለች። ወንድሜ አልኳት። ወንድም የለኝም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ደወለች። ደህና ነኝ አልኳት። ድምፅህ ምን ሆኗል አለችኝ። ጉንፋን።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ከላይ እስከ ታች አየሁት። አንዳንዱ ሞቷል፣ አልሰረዝኩትም። አንዳንዱ ማን እንደሆነ ጠፋኝ። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ቦታ ተመዝግቧል። ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሆስፒታል ልሂድ እንዴ? ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ሳይመጣ አይቀርም ነበር። ከዚያ ምን እለዋለሁ?

ተቆጣጣሪውን አልጠይቅም፣ በእኔና በእሱ መሀል ያለው አክብሮት ይበላሻል። ልጄን አልጠይቅም፣ ሥራዋም ሕፃኑም አለ። ደግሞ ለእሷ መንገር ለእናቷ መንገር ነው።

ለእናቷስ ብነግር ምን ይመጣል? ትመጣለች። በሕመሜ አስገድጄ አመጣኋት ማለት ነው። እንዲህ እላለሁ፦ ሰው ስለፈለገ ነው መምጣት ያለበት እንጂ መርፌ አስጠርቶት መሆን የለበትም። ይኸው ነው። ኩራት አይደለም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሬዲዮን ልጠይቅ ወሰንኩ። ወሬኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እረፍት ላይ ጠጋ አልኩት። ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ሥራ አለህ ወይ አልኩት። የለኝም፣ ምነው አለኝ። ዓይኔን እያየ ዝም ብሎ ጠበቀኝ፤ እሱ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። «አይ፣ መፍቻ ፈልጌ ነው» አልኩት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሦስት መፍቻ ይዞልኝ መጣ። የትኛው እንደሚሆነኝ ስላላወቀ ነው አለኝ። ተቀበልኩት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፣ የሚፈታ ነገር የለኝም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ደህና ነህ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ከአፌ በራሱ ነው የሚወጣው፤ ሳላስበው ወጥቶ ያልቃል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ማታ

ነገርኳት።

እንዲህ ነው የሆነው። ራጁን ያልፈለግኩበት ቦታ ኮርኒሱ ብቻ ነበርና ከሥራ መልስ እሱን ጀመርኩ። ወንበር ላይ ወንበር አድርጌ ወጣሁ። ግራ እግሬ ከዳኝና ተንሸራተትኩ፤ የቁም ሣጥኑን በር ይዤ ተረፍኩ። ብወድቅ ኖሮ ማን ያገኘኝ ነበር? ጠዋት ሥራ ስቀር ሬዲዮ ምናልባት። ቆሜ ይህን ሳስብ እጄ ስልኩን ይዞ ነበር።

ሰላምታም አልሰጠኋት። «የወደቅኩ ጊዜ የተነሳሁት ራጅ የት ነው?» አልኳት።

«እኔ ጋ ነው» አለችኝ።

አንቺ ጋ ምን ይሠራል አልኩ። የደም ግፊት ወረቀቶቿ ያሉበት ትልቁ ፖስታ ውስጥ ስለነበር ፖስታውን እንዳለ ይዛው ሄዳለች። ከዚያ ያው የፈራሁት መጣ፤ ለምን ፈለግከው አለች። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ጠጠሩን፣ ነጠብጣቡን፣ ደሙን፣ መርፌውን፣ ሰው ይዘህ ና መባሌን። ወንድሜ ማለቴን ግን አልነገርኳትም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አምስት እሑድ ደህና ነኝ ስትለኝ ነበር።»

ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም አልኳት። ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ዘጋች።

አሁን ተቀምጬ ሳስበው፣ ለሁለት ወር የሚሄድ ሰው የሕክምና ወረቀቱን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይሄዳል? እንጃ። ጥንቁቅ ሴት ናት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሻንጣዋን ልይዝላት ወደ እሷ ስሄድ ማነከሴን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ። ሻንጣውን አልሰጠችኝም። ሻንጣው ትንሽ ነው፤ ትልቁ አይደለም።

ቤት ስንገባ መሳቢያዎቹ እንደወጡ፣ ልብሱ እንደተበተነ ነበር። በሩ ላይ ቆማ «ሌባ ገብቶ ነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ፊልሙን ከፖስታው አውጥቼ መስኮቱ ላይ ያዝኩት። እኔ ያየሁት ዓይነት ጥቁር ነጥብ በግራ በኩል የለም። የለም ማለት አዲስ ነው ማለት ነው። አልነገርኳትም። ይኸው ደግሞ አልነገርኳትም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ሁሉንም ልጻፈው።

ቀጠሮ የምትይዘዋ ባለቤቴን አየቻትና «ወንድማቸው ነበሩ እኮ የሚመጡት» አለች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። «አልተመቸውም፣ እኔ መጣሁ» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

መርፌው ሳይጀመር ሐኪሟ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን መብራት ላይ ሰቀለቻቸው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ጊዜ ወሰደች። ከማስመሪያዋ ጋር ጠጋ አለች፣ ራቅ አለች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ መብራቱን ሳታጠፋ ዞራ መርፌ አያስፈልግም አለች።

«ይኸው፣ ያኔም እዚሁ ነበር። አላደገም፣ ቅርጹም አልተለወጠም። የአጥንት ደሴት ይባላል። ጤነኛ አጥንት ነው፣ ከአካባቢው ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ብቻ። ምንም አያደርግዎትም» አለችኝ።

ጥቅጥቅ ያለ አጥንት ከሆነ ጭንቅላቱንም ቢያነሱት ያገኙታል አለች ባለቤቴ። ሐኪሟ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች።

እኔ ግን አላመንኩም። ተነስቼ በጣቴ አሳየኋት፤ ይሄስ፣ ይሄ ጥቁሩ? ያኛው ላይ የለም። ደም ሥር ወደ አጥንቱ የሚገባበት ቀዳዳ ነው አለችኝ፣ ሁላችንም አለን፤ በተራ ራጅ ላይ አይለይም። ነጠብጣቡ ጥቁር ሳይሆን ነጭ ነው። አሳየችኝ፤ እውነትም ከጥቁሩ አጠገብ አንድ ነጭ ነጥብ። ስንቴ አይቼው አልፌዋለሁ። ጠርሙስ ላይ ድንጋይ ሁልጊዜ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ዓይኔ ሌላ አልፈለገም።

«የሚያምዎ ግን የት ነው?» አለችኝ።

«እዚህ፣ ግራዬን።»

ወደ ፊልሙ ዞረች። ከዚያ በጣም በትሕትና አስረዳችኝ። ሲቲ ስካን የሚታየው ሰውየው ከፊታችን እንደቆመ ተደርጎ ነው፤ በፎቶው ላይ ግራ ያለው የእኔ ቀኝ ነው። ጥቁሩም ነጩም ያሉት ቀኜ ላይ ነው። በግራዬ በኩል ምንም የለም።

ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ነበር። ወርጄ ስጨርስ «አላነከስክም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሳቅን፣ ሁለታችንም፣ ሰው እያየን ቆመን ሳቅን። ከመቼ ወዲህ አብረን እንዳልሳቅን አላስታውስም።

መትረፌን ያመንኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ። እጇን ያዝኩ፣ አልከለከለችኝም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ነገ ትሄዳለች። ልጄ ከሥራ ፈቃድ የተሰጣት እስከ ሰኞ ነው። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ያቺን ጥቂት ልብስ ማጠፍ ማለቂያ አጣ።

የእናትሽን ፎቶ ለምን ወሰድሽው አልኳት። እንዲህ በቀጥታ ልጠይቃት አላሰብኩም ነበር።

ማጠፏን አቆመች። «ሁለት ወር ሲሞላኝ ነይ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሦስት ሲሞላ ጠበቅኩ። በየሳምንቱ ምንም የጎደለኝ የለም ትለኛለህ። አንድ ቀን ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ልጅቷን እንዳላስቸግር ብዬ ነው አልኳት። ሕፃኑ አለ ብዬ ነው። አንቺ ደስ ብሎሽ ያለሽ መስሎኝ ነው። ሦስቱም እውነት ነው፣ ሦስቱም መልስ አይሆንም። ራሷን ነቀነቀች፣ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አሁን የመጣሁት ለመርፌው መስሎሃል» አለች። «ስለጠራኸኝ ነው የመጣሁት።»

ያኔ አትሂጂ ማለት ነበረብኝ። ውሃ ልቅዳልሽ ወይ አልኳት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ሸኘኋት። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆምኩ። ደውላ በሰላም ገባሁ አለችኝ። እኔም ደህና ገባሁ አልኳት፣ እኔ የሄድኩበት የለም።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ሥራ ደህና ነው። የምጥለው ቀንሷል፤ ተቆጣጣሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አለፈ። መፍቻዎቹን ለሬዲዮ መለስኩለት። ሠራልህ አለኝ። የሚፈታ ነገር እንዳልነበረኝ፣ ሆስፒታል አብሮኝ እንዲሄድ ልጠይቀው ፈልጌ እንደነበር ነገርኩት። «እሄድ ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አላወራም። እኔ አውራ ብዬ ለመንኩት።

ጤነኛ ነኝ። ሐኪም መስክሯል፣ ሁለት ፎቶ አለኝ። ቤት ስገባ ግን ጭር ይላል። እስከዛሬም ጭር ይል ነበር፤ ዳሌዬ ነው ብዬ ነበር።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ እኔ ደወልኩ። በረቡዕ፣ እራት ሳልበላ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። ቁጭ ብዬ ላስብበት ብዬ ቢሆን ኖሮ አልደውልም ነበር።

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ምን ሆንክ አለች፤ ድምፅዋ ደንግጧል። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ወደቅክ? አልወደቅኩም። አመመህ? አላመመኝም፣ ጤነኛ ነኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ብቻዬን ነኝ» አልኳት። «ቤቱ አልሆነኝም። ነይልኝ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩ። እዚያ ማዶ አንድም ድምፅ የለም፤ ሰዓት ሲቆጥር እንኳ ይሰማኝ ነበር።

«ሕፃኑ እየጮኸ ነው፣ አልሰማሁህም» አለችኝ። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩላት።